«ጋዝ»፣ «ናፍጣ» እና «ዲዝል» በጀልባ ሞተር ስያሜ

ያገለገለ ባለሞተር የመዝናኛ ጀልባ ለሚገዙ ሰዎች በአሜሪካ በሚዘጋጁ መመሪያዎች ውስጥ ቀድሞ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ፣ ሞተሩ «ዲዝል» ይሁን ወይስ «ጋዝ» የሚለው ነው። ምርጫው ከዋጋ አልፎ የተሳፋሪዎችን ሕይወት የሚነካ ስለ ሆነ፣ ጥያቄውን ወደ ዐማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ቃላቱ የሚያመለክቱትን ነገር ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ቃላቱን ከነገሩ ጋር አገናዝቦ ተገቢውን አቻ ማመልከት ነው።

በመጀመሪያ «ጋዝ» የሚለውን እንመልከት። ቃሉን በ17ኛው መቶ ዓመት የፈጠረው ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት ሲሆን፣ መነሻ ያደረገውም «ካኦስ» የተባለውን የግሪክ ቃል ነው። በሳይንስ ቋንቋ ጋዝ ከጠጣርና ከፈሳሽ የተለየ የቁስ አካል ሁኔታ ነው። አሜሪካውያን ግን «ጋዞሊን» የሚለውን የነዳጅ ስም አሳጥረው «ጋዝ» ይሉታል፤ እንግሊዞች ይህንኑ «ፔትሮል» ሲሉት እኛ ቤንዚን እንለዋለን። በዐማርኛ «ጋዝ» ወይም «ነጭ ጋዝ» ሲባል ግን ለፋኖስና ለምድጃ የሚሆነው፣ ላምባም የሚባለው ፈሳሽ ይታሰባል፤ «ቡታጋዝ» ደግሞ በሲሊንደር የሚሸጠው የማብሰያ ጋዝ ነው። በዚህ ላይ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠሩ እውነተኛ የጋዝ ሞተሮች ያሏቸው መርከቦች አሉ። ስለዚህ «የጋዝ ሞተር ያለው ጀልባ» የሚለው ትርጉም አንባቢውን ከታሰበው ነገር በቀር ወደ ሌላው ሁሉ ይመራዋል። በአሜሪካ የሚኖሩ የዐማርኛ ተናጋሪዎች ቤንዚንን «ጋዝ» ማለታቸው እርስ በርሳቸው ቢያግባባቸውም፣ ለሁሉም አንባቢ ለሚቀርብ ጽሑፍ አይበቃም።

«ናፍጣ» ደግሞ ተርጓሚውን የሚያሰናክለው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። በድምፅ የሚመስለው የእንግሊዝኛው «ናፍታ» ወደ ቤንዚን የቀረበ፣ ቶሎ የሚተን ቀላል ፈሳሽ ነው። ከዐማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ድምፁን ብቻ ቢከተል፣ ቀስ ብሎ የሚተነውን ነዳጅ እጅግ ተቀጣጣይ በሆነው ይለውጠዋል።

«ዲዝል» የሚለው ስም የመጣው ከመሐንዲሱ ከሩዶልፍ ዲዝል ነው። ዲዝል ለፈጠራው በ1892 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ጠይቆ፣ በ1897 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ የተሳካ ሞተር አሳይቷል። በዚህ ሞተር ውስጥ አየሩ በኀይል ታምቆ ይግላል፤ ነዳጁም በዚያ ትኩስ አየር ውስጥ ሲረጭ ያለ ብልጭታ ይቀጣጠላል። በቤንዚን ሞተር ግን የአየሩንና የነዳጁን ድብልቅ የሚያቀጣጥለው የካንዴላ ብልጭታ ነው። በ1900 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ዐውደ ርእይ አንድ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት መሥራቱ፣ የሞተሩና የነዳጁ ስም ተለይቶ ሊቀመጥ እንደሚገባ ያስረዳል። እንግሊዝኛው ሁለቱንም «ዲዝል» ሲል፣ ዐማርኛ ግን ለነዳጁ «ናፍጣ» የሚል ራሱን የቻለ ቃል ስላለው በዚህ ረገድ ይበልጠዋል።

የስያሜው ስሕተት አደጋ የሚሆነው ከደኅንነት ማስጠንቀቂያ ላይ ሲደርስ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል፤ ናፍጣ ግን በአብዛኛው ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ ይኖርበታል። የቤንዚን ተን ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ስለሚከብድ፣ እንደ ገንዳ ዙሪያውን በተዘጋው የጀልባ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ አንዲት ብልጭታም ታፈነዳዋለች። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ ደንብ ከሐምሌ 31 ቀን 1980 እ.ኤ.አ. በኋላ በተሠሩ ጀልባዎች የቤንዚን ሞተር ክፍል ላይ ተኑን የሚያወጣ ማራገቢያ እንዲኖር ያዛል፤ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊትም ማራገቢያው 4 ደቂቃ እንዲሠራ የሚያሳስብ ጽሑፍ ይለጠፋል። ይህ ማስጠንቀቂያ ስለ «ጋዝ» ተብሎ ቢተረጎም፣ ቤንዚን የሚቀዳው ሰው እርሱን የሚመለከት አይመስለውም።

ስለ ምርጫው ራሱ ባጭሩ እንናገር። የቤንዚን ሞተር ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ቀላልና ብዙ ጩኸት የሌለው በመሆኑ፣ ለአነስተኛ ጀልባና በዓመት ጥቂት ሰዓት ብቻ ለሚጓዝ ሰው ይስማማል። የዲዝል ሞተር ውድና ከባድ ቢሆንም፣ ነዳጅ ይቈጥባል፤ ከባድ ጀልባም ይገፋል። በሙያው የተለመደው ግምት የቤንዚኑ ሞተር ወደ 1,500፣ የዲዝሉ ደግሞ ወደ 5,000 የሥራ ሰዓት ካገለገለ በኋላ ዋና እድሳት ይሻል የሚል ነው። «የሥራ ሰዓት» ስንልም የሞተሩን ዕድሜ ሳይሆን ሲሠራ የቈየበትን ጊዜ ማለታችን ነው። ይሁን እንጂ ቍጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ዓመት ቆሞ የኖረ የዲዝል ሞተር በሚገባ ከተያዘ የቤንዚን ሞተር ሊብስ ይችላል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን አጠቃቀም እናቀርባለን። ሞተሩ «የቤንዚን ሞተር» ወይም «የዲዝል ሞተር» ይባል፤ የዲዝሉ ነዳጅ «ናፍጣ» ይባል፤ «የጋዝ ሞተር» የሚለው ስያሜ ነዳጁ በእርግጥ ጋዝ ለሆነ ሞተር ብቻ ይጠበቅ። ተርጓሚውም «ጋዝ» የሚለውን ቃል በአሜሪካ ጽሑፍ ውስጥ ባገኘ ጊዜ፣ ከመጻፉ በፊት በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ምን እንደ ሆነ ይጠይቅ።