ማቀዝቀዣ መጠገን ሙያ የሚጠይቀው ለምንድን ነው?

በሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ጌጫ ዝናባማ ከተማ በመሆኗ ማቀዝቀዣ እምብዛም የሚያስፈልጋት ላይመስል ይችላል። ሆኖም የሕፃናትም ሆነ የከብቶች ክትባት አብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ይህን የደጋ ብርድ አይተካውም።

ብዙዎቻችን የምንሠጋው ሙቀትን ነው። ይሁን እንጂ እንደ መንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ያሉ ክትባቶች አንዴ ወደ በረዶነት ከተለወጡ፣ ቢቀልጡም ኃይላቸው አይመለስም። የሙቀት መቆጣጠሪያውን በግምት የሚያዞር እጅ እንግዲህ ከመብራት መቋረጥ ያላነሰ ጉዳት ያደርሳል።

“ጋዝ አልቆበታል” የሚባለውም ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይጠገናል። ጋዙ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየተመላለሰ የሚሠራ እንጂ እንደ ነዳጅ በአገልግሎት የሚያልቅ አይደለም፤ ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ። የሠለጠነ ባለሙያ በቅድሚያ ቀዳዳውን ፈልጎ ይደፍናል፣ ቱቦውን በፓምፕ ከአየርና ከእርጥበት ያጸዳል፣ ከዚያም ጋዙን በሚዛን ለክቶ ይሞላል። ዝም ብሎ የሚሞላው ርካሽ ይመስላል፤ ባለንብረቱ ግን ብዙም ሳይቆይ ዳግም ይከፍላል። በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ ያለው አር-600ኤ ደግሞ ተቀጣጣይ ስለሆነ፣ መለያውን ሳያነቡ ቱቦ መበየድ የእሳት አደጋ ያስከትላል።