በሁለት ጎማ፣ ያለ ችኮላ

በአዲስ አበባ ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ እስከ ጀሞ ያለው መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄድም ከዚህ ብዙ የማያንስ መንገድ ይጠብቀዋል። አቃቂ ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አሁን ወደ ኔዘርላንድስ ልውሰዳችሁ። ከዘ ሄግ ደልፍት 10፣ ከደልፍት ሮተርዳም 15፣ ከአምስተርዳም ሃርለም 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ከከተማ ከተማ በብስክሌት የሚዞር ሰው የሚሸፍነው ርቀት እኛ ከሰፈር ሰፈር በታክሲ ተጋፍተን የምንሄደውን ያህል ነው ማለት ነው።

የአንድ ቀን ጉዞው ይህን ይመስላል። ጠዋት ከላይደን የተነሳ ሰው የፍሊትን ቦይ ተከትሎ ዘ ሄግ ይገባል፤ ቡናውን ጠጥቶ ወደ ደልፍት ይቀጥላል። ሠዓሊው ቬርሜር የኖረባትን ይህችን ከተማ ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ከሰዓት በኋላ በስኺ ቦይ ዳር አድርጎ ሮተርዳም ይደርሳል። መንገዱ ተደምሮ ከ50 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ፔዳል ሲረግጥ የሚቆየው ሦስት ሰዓት ያህል ነው። የቀረው የቀኑ ጊዜ የማየት፣ የመቀመጥና የመጨዋወት ነው።

የሚነዳው ብስክሌትም ለውድድር የተሠራ አይደለም። መሪው ከፍ ብሎ ወደ ነጂው የታጠፈ በመሆኑ ሰውየው ጀርባውን አቅንቶ፣ አካባቢውን እያየ ይሄዳል። ካቴናው በሽፋን ስለተከደነ ሱሪም ቀሚስም ግራሶ አይነካውም። በብዙዎቹ ላይ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የኋላው ጎማ ይያዛል። ከኋላ ፖርቶ መጋላ፣ ከፊት መብራት አለው። የስፖርት ልብስ አይጠይቅም፤ ሐኪሙም አስተማሪውም በሥራ ልብሱ ይወጣበታል።

መንገድ ላይ ቆሞ «ወዴት ነው?» እያሉ መጠየቅም የለም። በብስክሌት መንገዶቹ መገናኛዎች ላይ ከ1 እስከ 99 ያለ ቁጥር የተጻፈበት ምልክት ቆሟል። ተጓዡ ከቤቱ ሳይወጣ የሚያልፍባቸውን ቁጥሮች በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል፤ ከዚያ አንዱን ቁጥር ሲያገኝ ወደሚቀጥለው የሚያመለክተውን ቀስት መከተል ብቻ ነው። ይህን ዘዴ ያፈለቀው ሁጎ ቦለን የተባለ ቤልጂጋዊ የማዕድን መሐንዲስ ነው። በከሰል ማውጫ ዋሻዎች ውስጥ መገናኛዎች በቁጥር ይለዩ ነበር። ማውጫዎቹ ከተዘጉ በኋላ ያንኑ አሠራር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቤልጂግ ሊምቡርግ ለብስክሌት መንገድ አዋለው፤ ከዚያም ድንበር ተሻግሮ ኔዘርላንድስን አዳረሰ።

ብዙ ሰው ሆላንዳውያን ሲፈጠሩም ብስክሌት ላይ የተፈጠሩ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪና ሲበዛ እነሱም ለመኪና ብለው ሰፈር አፍርሰዋል፣ አደባባዮቻቸውን የመኪና ማቆሚያ አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ 3,300 ያህል ሰው በመኪና አደጋ ሞተ፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ልጁን በአደጋ ያጣው ጋዜጠኛ ፊክ ላንገንሆፍ በ1972 «የሕፃናት ግድያ ይቁም» ብሎ ጻፈ። ርዕሱ የንቅናቄ ስም ሆነ፤ እናቶችና አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው መንገድ ዘጉ። በ1973 የነዳጅ ችግር ሲመጣ መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ፤ ሰውም ጸጥ ባለው አውራ ጎዳና ላይ በብስክሌቱ ወጣ።

ቀጥሎ የሆነውን ነው እኛ በደንብ ልናየው የሚገባን። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መንግሥት በቲልበርግና በዘ ሄግ አንድ አንድ ያማረ የብስክሌት መንገድ ሠርቶ ሞከረ። መንገዶቹ ተወደዱ፤ ነገር ግን በከተማው ውስጥ የብስክሌተኛውን ቁጥር የተጠበቀውን ያህል አላሳደጉትም። አንድ ጥሩ መንገድ ከቤት ደጅ እስከ ትምህርት ቤት በር ካላደረሰ እናት ልጇን አታምንበትም። በኋላ በደልፍት አንድ መንገድ በማሳመር ፈንታ የተቆራረጡትን መንገዶች በድልድይ፣ በመሿለኪያና በአጭር አቋራጭ እያገናኙ የመላ ከተማውን መረብ ዘረጉ። የብስክሌተኛው ቁጥር ያን ጊዜ ጨመረ።

በእኛም አገር ብስክሌት እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፣ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ልካለች፤ ገረመው ደንቦባ ከእነሱ አንዱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ያለ ውድድር፣ እንዲሁ ለኑሮ ብስክሌት የሚነዳበትን ከተማ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ባሕር ዳር ይሂድ፤ በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ለብስክሌት የራሱ መስመር አለው። አዲስ አበባ በኅዳር 2011 «መንገድ ለሰው» ብላ በወሩ መጨረሻ እሑድ ጎዳናዎቿን ለመኪና ዘግታ ለእግረኛና ለብስክሌት መክፈት ጀመረች። ከ2016 ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የታደሱ ዋና ዋና መንገዶች የብስክሌት መስመር ይዘው ተሠርተዋል።

«የእኛ ከተማ ዳገት ነው» የሚለውን መከራከሪያ አከብራለሁ። የኔዘርላንድስ ዋናው ምድር ከፍተኛ ቦታ ፋልሰርበርግ 322 ሜትር ብቻ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ ከእንጦጦ ወደ አቃቂም ታዘቀዝቃለች። ግን ቁልቁለቱ በአብዛኛው ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት ብዙዎቹ መንገዶች ይቀልላሉ። ለቀረው ማርሽ አለ፦ ከፊት ትንሹን ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁን ይዞ ቀስ ብሎ የሚረግጥ ሰው ላቡ ሳይንጠፈጠፍ ዳገቱን ይወጣዋል። ሆላንዳውያንም ቢሆኑ ከባሕር የሚመጣውን ነፋስ ፊት ለፊት እየገፉ ነው የሚሄዱት።

ከተክለ ሃይማኖት ለሚነሳ ጀማሪ የምመክረው እሑድ ማለዳ፣ መርካቶ ሳይነቃ መውጣትን ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ ከድምፅ ማጉያው እየተሰማ፣ በዚያ ሰዓት አስፋልቱ ገና ባዶ ነው። ከመነሳት በፊት ጎማውን በአውራ ጣት ጫን አድርጉት፤ ከገባ ንፋስ ይጨመር፣ አለበለዚያ በመጀመሪያው ጉድጓድ ካላማዳሪው ይነከሳል። ብስክሌቱን ከፍ አድርጋችሁ ጎማውን አሽከርክሩና ቸርኬው በፍሬኑ ጎማዎች መካከል እኩል መሽከርከሩን እዩ፤ ወደ አንድ ወገን ከተወዛወዘ ሳይባባስ ብስክሌት ጠጋኝ ጋ ይታይ። ከዚያ በልደታ አድርጎ ሜክሲኮ መውረድ ነው፤ መንገዱ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ሁለቱንም ፍሬን አብራችሁ ቀስ በቀስ ያዙ፤ የፊተኛውን ብቻ ድንገት የያዘ በመሪው ላይ ተወርውሮ ይወድቃል። ከሜክሲኮ በሳር ቤት በኩል የሚቀጥለው መንገድ ለብስክሌት ከታሰቡት የኮሪደር መንገዶች አንዱ ነው። እዚያ ቁርስ በልቶ፣ ዐርፎ፣ ሳይቸኩሉ መመለስ ለአንድ ጠዋት በቂ ነው።

ከተማችን ላይ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው፤ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለዚህ የብስክሌት መስመር የትርፍ ጊዜ ቅንጦት ነው ብዬ አላምንም። መንገድ የምትነድፉ ባለሙያዎች፣ መስመሩን መስቀለኛው ጋ ስትደርሱ አትቁረጡት፤ ብስክሌተኛው የሚሞተው እዚያ ነው። እንደ ተክለ ሃይማኖት ያሉትን የድሮ ሰፈሮች ጠባብ መንገዶችም ከአዲሶቹ ሰፋፊ ጎዳናዎች ጋር አገናኙልን። መኪና የምታሽከረክሩ ወገኖቼም፣ «ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው» ብላችሁ በብስክሌት መስመር ላይ መኪና አታቁሙ።