ጭራዋና አጋፋሪው

ባሮ፣ ጊሎና አኮቦ በሚያጠጡት የጋምቤላ ቆላ፣ የቆላ ዝንብ በወንዝ ዳር ደንና በሣሩ ሜዳ በሚበዛበት አገር፣ ከብት አርቢው ገንዲ እያለ የሚፈራውን ደዌ የምታመጣው ትሪፓኖሶማ የተባለች፣ በዓይን የማትታይ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ናት፤ የቅርብ ዘመዷም በሰው ላይ የእንቅልፍ በሽታን የምታመጣ ስትሆን፣ በአገራችን መኖሯ የታወቀው በ1967 እ.ኤ.አ.፣ ያን ጊዜ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረው በዚሁ በጋምቤላ ነው።

ከታመመ ከብት የተወሰደች ጠብታ ደም በማይክሮስኮፕ ስትታይ፣ ትሪፓኖሶማ ቀያዩን የደም ሕዋሳት ወዲያና ወዲህ እየገፋች ትርመሰመሳለች፤ የሚያንቀሳቅሳትም ከጎኗ ተጣብቆ ከፊቷ አልፎ የሚወጣ አንድ ጭራ ነው። ይህ ጭራ ሲሊያ ከሚባሉት ጸጉር መሰል የሕዋስ ክፍሎች ወገን የሚቆጠር፣ ዘጠኝ ጥንድ ረቂቃን ቱቦዎች በዙሪያው፣ ሁለት ነጠላዎች በመካከሉ የቆሙበት ሲሆን፣ በሰው የአየር ቧንቧ ውስጥ አክታን የሚጠርጉት ሲሊያም በዚሁ ንድፍ የተሠሩ ናቸው።

በመቶዎች የሚቆጠሩ ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች የተከማቹበት ይህ ጭራ ግን አንዱን ስንኳ በራሱ አይሠራም፤ ፕሮቲን የሚሠሩት ራይቦዞሞች በውስጡ የሉምና ሁሉም በሕዋሷ አካል ተሠርቶ ይላክለታል። ታዲያ የሚገባው ከማይገባው በምን ይለያል? በጭራው ሥር ያለው ጠባብ ስፍራ በግብር ቀን እንግዳውን እየለየ እንደሚያስገባ አጋፋሪ ነው፤ ጥቃቅኖቹ ፕሮቲኖች ብዙም ሳይከለከሉ ሲያልፉ፣ ግዙፋኑና በሽፋኑ ላይ የሚቀመጡት በአብዛኛው ተሸካሚ ካላገኙ አያልፉም። ኪኔሲን የተባለው ፕሮቲን ሸክሙን ወደ ጫፉ ይነዳል፣ ዳይኒን የተባለው ወደ ሥሩ ይመልሳል፤ ይህ ምልልስ መጀመሪያ የታየው በ1993 እ.ኤ.አ. ክላሚዶሞናስ በተባለች አረንጓዴ ዋቅላሚ ነበር። ትሪፓኖሶማ ግን ከዘጠኙ የቱቦ ጥንዶች አራተኛውንና ሰባተኛውን ብቻ ለዚህ ምልልስ መንገድ አድርጋ ትጠቀማለች፤ ቁጠባዋ በእውነት ያስደንቃል።

ማስገባት ብቻውን አይበቃም፤ ያለ ስፍራው የገባውን ማስወጣትም ያሻል። ለዚህ የተመደበው የስምንት ፕሮቲኖች ማኅበር ቢቢሶም ሲባል፣ በሰው ልጅ ላይ አብሮ በሚወለድ እክል ሲጎድል ዓይን ይታወራል፣ ሰውነት ከመጠን በላይ ይወፍራል፣ ትርፍ ጣትም ይበቅላል።

ጭራው ሲታወክ በደም ውስጥ ያለችው ትሪፓኖሶማ ተከፍላ መራባት ተስኗት እንደምትሞት በቤተ ሙከራ ታይቷል፤ ነገር ግን የሰው ሲሊያም በዚያው ሥርዓት የሚተዳደር ስለሆነ፣ በዚህ በኩል መድኃኒት የሚሻ ሊቅ የእርስዋ ብቻ የሆነውን ፕሮቲን ለይቶ መምታት ይኖርበታል።