ለሁለት ሰው የምትበቃ ጎጆ

ከላሊበላ ከተማ ቆሞ ሽቅብ ያንጋጠጠ ሰው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ክንፍ የሆነ ገደል ይጋረጥበታል። በገደሉ ትከሻ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,150 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከአለቱ ስንጥቅ ውስጥ የተፈለፈለችው አሸተን ማርያም አለች። ከተማዋ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በእግር የሚወጣ ሰው ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ሽቅብ ይጠብቀዋል። ደህና ጉልበት ላለው የሁለት ሰዓት፣ ለከተሜ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ዳገቱን የፈራ በቅሎ ይከራያል። ቤተ ክርስቲያኒቱን የአገሩ ትውፊት ከንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ጋር ያያይዛታል። ብዙው መንገደኛ ጠዋት ይወጣል፣ ይሳለማል፣ ካህኑ የሚያሳዩትን መስቀልና ብራና ያያል፣ ለምሳ ከተማ ይመለሳል።

ጥቂቶች ግን አይወርዱም። ከአሸተን ከፍ ብሎ ሁዳድ በሚባለው አምባ ላይ የሣር ክዳን ያላቸው የእንግዳ ጎጆዎች ተሠርተው እንግዳ ሲቀበሉ ኖረዋል። ከዚያ ራቅ ብሎ፣ ከጋሸና ወዲህና ወዲያ በተዘረጋው የመቄት ደጋ ደግሞ የገበሬው ማኅበረሰብ በጋራ የሚያስተዳድራቸው ጎጆዎች አሉ። እንዲህ ያለችው ጎጆ ምን እንደሆነች፣ በምን እንደምትሠራና ለሁለት ለሚዋደዱ ሰዎች ለምን እንደምትመች ማስተዋወቅ ተገቢ ይመስለኛል። እስከዛሬ የሚያውቋት በአብዛኛው ፈረንጆች ናቸውና።

ላሊበላ ያለችበት የላስታ ሰው ቤት መሥራት የተማረው ከቱሪስት አይደለም። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ስለመዘገባቸው የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሲገልጽ በዙሪያቸው ያሉትን ክብ፣ ባለ ደርብ፣ በአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተገነቡ ቤቶችም በላስታ ስም ለይቶ ጠቅሷቸዋል። በሌላው የአማራ ገጠር ጎጆ በአብዛኛው የእንጨትና የጭቃ ነው፣ ደርብም የለውም። የላስታው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ፣ በጭቃ እየተያያዘ ሁለት ፎቅ ይወጣል። ምድር ቤቱ የከብት ነው፤ ሰው የሚኖረው ደርቡ ላይ ሲሆን የሚወጣውም ከውጭ በኩል በተሠራ የድንጋይ ደረጃ ነው። ነገሩ ለማማር ብቻ አልተደረገም። ብርድ በሚጋረፍበት አገር ከታች የታጎሩት ላሞችና በሬዎች ሌሊቱን ሙሉ የሚያወጡት ሙቀት በወለሉ እያለፈ ከላይ የተኛውን ያሞቃል፤ ሌባም ከብት ለመንዳት በባለቤቱ ራስጌ ሥር ማለፍ ይኖርበታል። ሽታው አለ፣ ቁንጫውም አይጠፋም። የእንግዳ ጎጆ ከዚህ ውርስ ግድግዳውንና ክዳኑን ይዞ ከብቶቹን ውጭ አስቀርቷል፤ ማንም የሚቀየም አይመስለኝም።

ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል። ከውስጥ በኩል ጭድ በተቦካበት ጭቃ ይመረጋል፤ ወለሉ በእበት ይለቀለቃል። ዙሪያውን መደብ ይሠራለታል፤ መደቡ ቀን መቀመጫ፣ ማታ የዕቃ ማስቀመጫ ወይም መኝታ ነው። መሐል ላይ ምሰሶው ይቆማል፤ ወጋግራው ከግድግዳው አናት ተነሥቶ ወደ ምሰሶው ይሰበሰባል፣ ማገሩ ዙሪያውን እየዞረ በልጥ ይታሰራል። ድሮ እንጨቱ ወይራና ጥድ ነበር፤ ዛሬ ባሕር ዛፍ ነው፤ ሌላው እንጨት ተመናምኗልና።

ክዳኑ የራሱ ጥበብ አለው። በደጋው ጫፍ፣ ጅብራ በሚበቅልበት ከፍታ፣ ጓሳ የሚባል ቀጭንና ጠንካራ ሣር አለ፤ ገመድ ይሆናል፣ ቤትም ይከደንበታል። ከዳኙ ሣሩን በእቅፍ በእቅፍ እየተቀበለ ከታች ከክፍክፉ ጀምሮ ወደ ላይ ይደራርበዋል፤ እያንዳንዱ ረድፍ የታችኛውን ማሰሪያ ይሸፍናል። ጣሪያው ሾጠጥ ማለት አለበት፤ ከተለጠጠ ውኃው ሳይወርድ ሣሩ ውስጥ ይቀመጥና በሁለት ክረምት ያበሰብሰዋል። አናቱ ላይ ሣሩ ሁሉ የሚገናኝበት ቦታ ዋናው የማፍሰሻ ሥጋት ስለሆነ ጉልላቱ ላይ ማሰሮ ይደፋበታል። ሥራው የአንድ ሰው አይደለም፤ ጅጌ ይጠራል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ጎረቤት ይወጣል።

የእንግዳ ጎጆ የሚቸገርበት አንድ ነገር እዚሁ ላይ ነው። በገበሬው ቤት ምድጃ በየዕለቱ ስለሚነድ ጢሱ እየወጣ ክዳኑን ያጠቁረዋል፤ ያ ጥላሸት ሣሩን ከነቀዝና ከምስጥ ይጠብቀዋል። እንግዳ ግን ጢስ አይወድም፤ ምግቡ ሌላ ጎጆ ውስጥ ይበስልለታል። እናም ዓይኑን ያልቆጠቆጠው ጣሪያ ዕድሜው ያጥራል፣ ቶሎ ቶሎ መልሶ መክደን ይጠይቃል። ባለቤቶቹ ይህን ወጪ አስቀድመው ካላሰቡት ጎጆዋ በጥቂት ዓመት ውስጥ ማፍሰስ ትጀምራለች። አንዳንዱ ሲሰለቸው ቆርቆሮ ይመታባታል። ቆርቆሮ ቀን ያቃጥላል፣ ማታ ያቀዘቅዛል፣ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ሁለት ሰው እርስ በርስ እንዳይሰማማ አድርጎ ይጮኻል። በበኩሌ ቆርቆሮ ለተመታባት የእንግዳ ጎጆ ገንዘብ አልከፍልም።

የመቄቱ ጎጆዎች ታሪክ እንዲህ ነው። ወረዳው ድርቅ የሚደጋግመው፣ እርዳታ ጠባቂ የበዛበት ነበር። ከሴቭ ዘ ችልድረን የወረዳው ሥራ ጋር ተያይዞ ተስፋ የተባለ የማኅበረሰብ ቱሪዝም እንቅስቃሴ ተጀመረና በ2003 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ማረፊያ መቋት ማርያም በምትባል የገደል ጫፍ ላይ እንግዳ ተቀበለ። ከዚያ ዋጀላና ሌሎች ሥፍራዎች ተከተሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ጎጆው የመንደሩ ነው፤ አስተናጋጁም፣ ምግብ አብሳይዋም፣ ዘበኛውም፣ ጭነት አጓጓዡም ከመንደሩ ይመደባሉ። እንግዳው ዋጋውን አስቀድሞ ይከፍላል፣ የማኅበረሰቡ ድርሻም ወደ ጋራ ገንዘብ ይገባል። ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው በእግር የሚያደርስ የቀን መንገድ ነው፤ ዕቃ በአህያ ይሄዳል።

መቋት ማርያም ላይ የደረሰ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጎጆውን ሳይሆን ጎጆው የሚያየውን ነው። አምባው እንደ ምላስ ወደ ፊት ወጥቶ ድንገት ይቆረጣል፤ ከሥር ቆላው ንብርብር እያለ ይርቃል። መጸዳጃ ቤቱ እንኳ ወደ ገደሉ ፊቱን አዙሮ ተሠርቷል። ውኃ አይወርድበትም፣ ደረቅ ነው። እንግዶች ከምግቡ አስቀድመው የሚያወሩት ስለ እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ሁለቱ ሰዎች ልመለስ። በአማራ ገጠር ለሙሽሮች ለብቻ ማረፊያ ማዘጋጀት አዲስ ነገር አይደለም። የጫጉላ ቤት የሚባለው ይኸው ነው፤ ሙሽራውና ሙሽራይቱ ከሰው ተከልለው፣ ሚዜዎች እየጠበቋቸው፣ ምግብ እየገባላቸው የሚሰነብቱበት። ይሁንና ያንን ዘመን ከልክ በላይ ማሳመር አይገባም። ብዙዋ ሙሽራ ልጅ ነበረች፣ ባሏንም የምታየው ያን ዕለት ነበር። ያ ማረፊያ ለእሷ ሽርሽር አልነበረም። የዛሬዋ ጎጆ ከእሱ የተሻለችው ሁለቱም ወደው፣ መርጠው፣ በገዛ እግራቸው ሽቅብ ወጥተው የሚገቡባት በመሆኗ ነው።

የአገራችን የጋብቻ ወቅትም ለላስታ የተመቸ ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ያሉት ሳምንታት የሠርግ ናቸው። በደጋው ሰማዩ ጥርት የሚልበት፣ መንገዱ የደረቀበት፣ ገብሱ ታጭዶ የገባበት፣ ገበሬው ፋታ የሚያገኝበት ጊዜም ይኸው ነው። በገና ሰሞን ግን አይሞከርም፤ ላሊበላ በምዕመናን ስለምትጥለቀለቅ እንኳን ጎጆ፣ ምንጣፍ የሚነጠፍበት ሜዳም አይገኝም። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ጭቃውና ጉሙ ዳገቱን ይዘጋዋል።

ሲመሽ ብርዱ ቀልድ አይደለም። ፀሐይ ገደሉን ከተሻገረች በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ አየሩ ይለወጣል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። መብራት ፋኖስ ወይም የፀሐይ ኃይል ነው። ገላ መታጠብ ማለት በባልዲ የቀረበ የሞቀ ውኃና ጣሳ ማለት ነው። አስተናጋጇ እጅ ታስታጥባለች፣ ከዚያ ሽሮ፣ ምስር፣ ከጾም ውጭ ከሆነ ደግሞ እንቁላል ወይም ዶሮ ይቀርባል፤ ቀጥሎ ቡና፣ ከቡናው ጋር የገብስ ቆሎ። «ኧረ ብሉ ልጆቼ፣ አፈር ስሆን» ማለቱ ስለማይቀር ሆድን ባዶ አድርጎ መቅረብ ነው። ባልና ሚስት መሆናቸውን የሰማች እናት ደግሞ ውሎ አድሮ መመረቋ አይቀርም፤ ምርቃቱም ልጅን ይመለከታል። መልሱ «አሜን» ብቻ ነው፤ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ማብራሪያ የሚሰጥበት ሰዓት አይደለም።

የከተማ ሙሽሮች የሚዘነጉት ሌላ ጉዳይ አለ። አብረው ያደሩ ባልና ሚስት በማግስቱ ቤተ መቅደስ እንደማይገቡ የታወቀ ሥርዓት ነው። ስለዚህ አሸተን ማርያም ውስጥ ገብቶ መሳለም የፈለገ ጥንድ ጉዞውን አስቀድሞ ማቀድ አለበት፦ በወጣበት ቀን መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱ፣ ከዚያ ወደ ጎጆው። በማግስቱ የሄደ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ይሳለማል። የጾም ቀንም ከሆነ ሥርዓቱ ይታወቃል። ይህን የሚያነሣ የጉዞ መጽሐፍ አላየሁም፤ በአብዛኛው የተጻፉት ለፈረንጅ ስለሆነ ይመስለኛል።

ማለዳ ጎጆዋ ያለ ቴሌቪዥን ምን እንደምታሳይ ለሚጠይቅ፣ ጭላዳዎቹ አሉ። ሌሊቱን ገደሉ ወገብ ላይ ያድሩና ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት አለ፣ እየተቀመጡ ሣር በጣታቸው ይነጫሉ። ሰው ሳያስደነግጣቸው ዝም ብሎ ከተቀመጠ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ሆነው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ወንዱ ሲቆጣ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱንና ድዱን ያሳያል። ወደ አቡነ ዮሴፍ ጫፍ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ፣ የዘለቀ ደግሞ ዕድለኛ ከሆነ ቀይ ቀበሮ ያያል። እሷን አየሁ ለማለት ግን መቸኮል አያስፈልግም፤ ቁጥሯ ጥቂት ነው፣ ሙሽሮችም ለዚያ ሲሉ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መነሣት አይጠበቅባቸውም።

ነገሩ ሁሉ ደህና ሳለ ዘመኑ ከፋ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ እንግዳ ቀረ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እየተገላበጠች ቆየች። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ውጊያ ቀጠለ። አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ከገቢያቸው ተለያዩ። ጎጆ ደግሞ ሰው ካልገባበት ራሱን አይጠብቅም፤ ክፍክፉ ይንጠባጠባል፣ ምርጊቱ ይሰነጠቃል፣ ምስጥ ወደ ምሰሶው ይወጣል። የድንጋዩ ግድግዳ ይቆማል፣ ሌላው ሁሉ በየጊዜው የሚሠራ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የሚጋባ ሰው ለጫጉላ የሚያስበው ቢሾፍቱን፣ ሐዋሳን፣ ከቻለም ዱባይን ነው። የመዋኛ ገንዳና የተነጠፈ ጽጌረዳ ለሚፈልግ ያው ይሻለዋል፤ ላስታ ላይ ሁለቱም የሉም። ይሁንና የውጭ እንግዳ እንደልቡ መምጣት ባልቻለበት ዘመን እነዚህን ጎጆዎች አቁሞ ማቆየት የሚችለው የአገር ሰው ብቻ ነው፤ የአገር ሰው ደግሞ እስካሁን ዞር ብሎ አላያቸውም። አስጎብኚዎችም ጥፋት አለባቸው፤ ዋጋቸውን በዶላር፣ ማስታወቂያቸውን በእንግሊዝኛ አድርገው አበሻ አልመጣም ብለው ያዝናሉ።

እንግዲህ በመጪው ጥር ልትጋቡ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመነሣታችሁ በፊት በአካባቢው የሚኖር ሰው ስለ መንገዱ ደኅንነት ጠይቁ፤ የሰሞኑን ይንገራችሁ፣ ያምናውን አትመኑ። ሰላም ከሆነ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። ጎጆ ስታስይዙ ለባልና ሚስት መሆኑን ተናገሩ፣ አለዚያ ሁለት ጠባብ አልጋ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ክዳኑ መቼ እንደተከደነ ጠይቁ። ዳገት የሚችል ጫማ፣ የእጅ ባትሪና ጋቢ ያዙ፤ ጋቢው አንድ ከሆነ ደግሞ ሰፊ ይሁን።