ሠላሳ ጎራሽ ምንሽር

ሰሞኑን ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ በየሻይ ቤቱ ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍ ቪዲዮ አለ። አንድ አሮጌ በልጅግ ከሆዱ ሥር የክላሽ የመሰለ ረጅም ካዝና ተገጥሞለት ይታያል። ተራኪው «ምንሽር ክላሽ ሆነ» እያለ ይምላል። አልሆነም፣ አይሆንምም። ይባስ ብሎ አንዳንዱ ወሬ አቀባይ ጠመንጃውን «አውቶማቲክ» ብሎታል። ካዝና ማስረዘም መሣሪያን አውቶማቲክ አያደርግም። ሕጉን፣ ማለትም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን፣ ለሚመለከተው ትቼ ስለ ብረቱ ላውራ።

መነሻው አጭር ነው። ክላሽ ከተተኮሰው ባሩድ ጋዝ ኃይል ይወስድና ቀለሁን ራሱ ተፍቶ ቀጣዩን ጥይት ራሱ ይጎርሳል። ምንሽር ይህን ሥራ ለተኳሹ እጅ ትቶታል። መቀርቀሪያው ወደ ላይ ይነሳል፣ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ወደ ፊት ይገፋል፣ ወደ ታች ይቆለፋል። ከዚያ እንደገና ማነጣጠር አለ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የእንግሊዝ ጦር ከሠለጠነ እግረኛ ይጠብቅ የነበረው በደቂቃ 15 የተነጣጠረ ጥይት ነው። ለአንዱ ጥይት 4 ሰከንድ ይደርሰዋል ማለት ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አምስት ጎራሽ የያዘ ጎበዝ ተኳሽ ካዝናውን በ20 ሰከንድ ይጨርሳል። አምስት ጥይት በአንድ ማያዣ ብረት ተደርድሮ ከላይ በአውራ ጣት ሲገፋ 5 ሰከንድ ይፍጅ እንበል። በ25 ሰከንድ 5 ጥይት ተኮሰ፣ በደቂቃ 12 ይሆናል። ካዝናው ጨርሶ የማያልቅ ቢሆንስ? 15። ያ ሁሉ ቆርቆሮ በደቂቃ የሚያተርፈው 3 ጥይት ነው። ሎጊያ ላይ ከቦቴ ውኃ የቀዳ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ቧንቧው ቀጭን ከሆነ ቦቴው ቢተልቅ ጄሪካኑ ፈጥኖ አይሞላም። እዚህ ቧንቧው የተኳሹ ክንድ ነው።

በልጅግ የማውዘር ዘር ነው፤ የማውዘር ሠሪዎች አምስት ላይ የቆሙት ቆጥበው አይደለም። ጥይቶቹን ግራና ቀኝ እያፈራረቁ በመደርደር አምስቱን ከእንጨቱ ሳይወጡ እሆዱ ውስጥ ቀብረዋቸዋል። ጠመንጃውን በአንድ እጅ ሚዛኑ ላይ አንሱት፤ መዳፋችሁ የሚያርፈው ልክ እዚያ ካዝናው ሥር ነው። እዚያ ላይ ረጅም ሣጥን ስታንጠለጥሉ መያዣው ይጠፋል። የአፋር እረኛ ጠመንጃውን ከማጅራቱ ኋላ በሁለት ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ እጆቹን በላዩ ላይ ጥሎ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። ካዝናው ጀርባውን እየወጋው ግን አይሄድም። ክብደቱም አለ። የበልጅጉ ጥይት አንዱ ወደ 26 ግራም ነው፤ ሠላሳው 800 ግራም ገደማ ይመጣል፣ ያውም ያለ ካዝናው። በደረቱ ተኝቶ የሚተኩስ ሰው ደግሞ ካዝናው መሬት እንዳይነካበት ራሱን ከፍ ማድረግ ግድ ይለዋል፤ አዋሽ ሜዳ ላይ ከፍ ያለ ራስ ከሩቅ ይታያል።

እኔን የሚያስደስተኝ ግን ሞላው ነው። ካዝና ሲሞላ ሞላው ይጨመቅና የላይኛውን ጥይት ከካዝናው ከንፈር ጋር አጥብቆ ይይዘዋል፤ መቀርቀሪያውን የሚገፋው እጅ ያንን ሰበቃ ማሸነፍ አለበት። ጥይቱ ሊያልቅ ሲል ሞላው ይላላል፣ የመጨረሻውን ጥይት ቀጥ አድርጎ ማቅረብ ያቅተዋል። አምስት ጥይት ላይ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ነው፤ ሠላሳ ላይ ይሰፋል። ሠላሳ ጥይት እርስ በርሱ እየተሻሸ በሚወጣበት ረጅም ሣጥን ውስጥ የሰመራ ደቃቅ አቧራ ሲገባ ደግሞ ሰበቃው ይብሳል። እዚህ ላይ የሙያ ጓደኞቼ ይከራከሩኛል። ረጅምና ለስላሳ ሞላ ልዩነቱን ያጠብበዋል ይላሉ፣ እውነት ነው። የምንሽር መቀርቀሪያ በእጅ ስለሚሄድ ለደከመ ሞላም ጊዜ ይሰጠዋል ይላሉ፣ ይህም እውነት ነው። ያም ሆኖ ከባድ ሞላ ያለውን ካዝና ከላይ በአውራ ጣት ሞልቶ የጨረሰ ሰው ጣቱን ይጠይቅ።

የጥይቱ ቅርጽም የራሱን ይጠይቃል። ቀለሁ ከግርጌው ሰፍቶ ወደ አረሩ እየጠበበ ከሄደ ሲደራረብ ይጎብጣል፤ የክላሽ ካዝና የጎበጠው ለጌጥ አይደለም። የፈረንሳዩ የለበን ጥይት በጣም ሾጣጣ ስለሆነ ሾሻ የተባለው መትረየሳቸው ባለ 20 ካዝና ግማሽ ክብ ሆኖ ቀረ። በዚያ ላይ የለበን ቀለህ ግርጌው ላይ ወጣ ያለ ጠርዝ አለው። የላይኛው ጥይት ጠርዝ ከታችኛው ጠርዝ ኋላ ከዋለ ሁለቱ ይቆላለፋሉ፤ ጥይት በበዛ ቁጥር ይህ የሚደርስበት አጋጣሚ ይበዛል። ለበን ራሱ ስምንት ጥይቱን ከአፈሙዙ ሥር በቱቦ ነው የሚይዘው። ስምንት ከአምስት ይበልጣል፤ ነገር ግን አንድ በአንድ ስለሚሞላ አንዴ ካለቀ ባለ አምስቱ ቀድሞት ይሄዳል። የመሙላት ፍጥነት ከመያዝ አቅም ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው።

የጣልያኑ ካርካኖ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ስድስት ጥይቱ ከነማያዣው ይገባል፣ የመጨረሻው ጥይት ሲጎረስ ማያዣው በሥር ባለው ቀዳዳ ይወድቃል። ማያዣው ከጠፋ ካዝናው ዋጋ የለውም፣ ጠመንጃው አንድ ጎራሽ ሆኖ ያርፋል። በዚያው ቀዳዳ አሸዋ ይገባል። ለእንዲህ ያለ መሣሪያ ባለቤት የሚጠቅመው ጥቂት ደህና ማያዣ እንጂ ረጅም ካዝና አይደለም።

ታሪክም ለትልቅ ካዝና ብዙ አያዳላም። በ1879 ዓ.ም ገጣሚው ነጋዴ ራምቦ ከታጁራ ተነስቶ በአፋር በረሃ በኩል ለንጉሥ ምኒልክ ያመጣው ሁለት ሺህ ገደማ ጠመንጃ ከአፈሙዝ የሚጎርስ አሮጌ ነበር። ዐድዋ ላይ ጣልያኖች ባለ አራት ጥይት ካዝና ያለውን ቬተርሊ ቪታሊ ይዘው መጡ፤ ከኢትዮጵያውያኑ ብዙዎቹ አንድ ጎራሾቹን ውጅግራና ወጨፎ ነበር የያዙት። ማን እንዳሸነፈ ይታወቃል። ድሉን በካዝና ብቻ የሚለካ ሞኝ ነው፤ የጦሩ ብዛት፣ የመሬቱ አቀማመጥና የጣልያን ጄኔራሎች ስህተት የበለጠ ሚዛን ነበራቸው። ቢሆንም የካዝና ብልጫ ብቻውን እንደማያድን ያሳያል።

ሙከራው አልተደረገም እንዳይባል፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ለማውዘራቸው ባለ 20 የምሽግ ካዝና፣ አሜሪካኖች ለበረራ ሠራተኞቻቸው ባለ 25 ካዝና ያለው ስፕሪንግፊልድ ሠርተው ነበር። የጀርመኑ ሐሳብ ጭቃ ወደ መቀርቀሪያው እንዳይገባ ቶሎ ቶሎ ከመክፈት መገላገል ነው፤ የአሜሪካኑ በጠባብ የአውሮፕላን መቀመጫ ላይ ጥይት መሙላት አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። ሁለቱም የተለየ ችግር የወለዳቸው ናቸው፤ የእግረኛው መደበኛ ትጥቅ አልሆኑም።

ተነቃይ ካዝና በምንሽር ላይ ጨርሶ አይረባም ግን አልልም። ዛሬ የአነጣጥሮ ተኳሾች ጠመንጃ ብዙውን ጊዜ ተነቃይ ካዝና አለው። መነጽሩ ከመቀርቀሪያው በላይ ስለሚቀመጥ ጥይት በማያዣ ከላይ የሚገፋበትን መንገድ ይዘጋል፤ ከሥር ነቅሎ መቀየር ይቀላል። ተኳሹም የጥይት ዓይነት መለወጥ ሲፈልግ ይጠቅመዋል። እነሱም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት 5 ወይም 10 ነው።