ምላስን ስለሚያስደስት፥ ሰውነትን ግን ስለማይመግብ ጣፋጭ

በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ዙሪያ ባለው ደጋ፥ ክረምቱ አልፎ ሜዳው አበባ ሲለብስ፥ ንቦች ከአበባ ወደ አበባ ይመላለሳሉ፤ በጥቅምትና በኅዳርም ማር ይቈረጣል። ማርን የበላ ሰው ብርታት ያገኛል። ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣው ስኳርም እንዲሁ ብርታት ይሰጣል፤ ነገር ግን ሁለቱም ከልክ ሲያልፉ ጥርስን ያበላሻሉ፥ ሰውነትንም ያለ መጠን ያወፍራሉ።

ዛሬ በሱቅ ከሚሸጡት ለስላሳ መጠጦችና ማስቲካዎች በአንዳንዶቹ ውስጥ ሌላ ዓይነት ጣፋጭ ይገኛል። ይህን ንብ አልሠራችውም፥ ከአገዳም አልተጨመቀም፤ የሰው እጅ የቀመመው ነው።

የመጀመሪያው ሳካሪን ይባላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1879 ዓ.ም. ኮንስታንቲን ፋልበርግ የሚባል የኬሚስትሪ ሊቅ፥ በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ፥ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የሚገኘውን ነገር ሲመረምር ውሎ እጁን ሳይታጠብ ማዕድ ቀረበ። ዳቦው እጅግ ቢጣፍጠው ተደነቀ፤ ጣፋጩም ከእጁ እንደ መጣ ዐወቀ። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ ጄምስ ሽላተር የሚባል ሌላ ሊቅ መድኃኒት ሲቀምም ወረቀት ለማንሣት ጣቱን ቢልስ፥ አስፓርቴም የሚባለውን አገኘ። ሁለቱ ሰዎች ሳይጐዱ መቅረታቸው ዕድል ነው እንጂ ብልሃት አይደለም፤ ያልታወቀን ነገር መቅመስ መርዝን መቅመስ ሊሆን ይችላልና።

በምላስ ላይ ጣፋጭን የሚለዩ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ፤ እንደ በር ጠባቂዎች ናቸው። ስኳር ሲመጣ ለአንጐል «ምግብ መጣ» ብለው ያስታውቃሉ። ሰው ሠራሹ ጣፋጭም በዚያው በር ቀርቦ ያንኑ መልእክት ያስነግራል፤ ስንቅ ግን አልያዘም። ሳካሪን ከስኳር 300 ጊዜ ያህል፥ አስፓርቴም 200 ጊዜ ያህል ስለሚጣፍጥ፥ እጅግ ጥቂቱ ይበቃል። ሳካሪንም በሰውነት ውስጥ ሳይለወጥ አልፎ ይወጣል።

ይህ ጣፋጭ ጥቅም የለውም አይባልም። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሻዩን ቢያጣፍጥበት የደሙን ስኳር ከፍ አያደርግበትም። ነገር ግን ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባል ደዌ ይዞ የተወለደ ልጅ ከአስፓርቴም መራቅ ይገባዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ዓ.ም. ሰዎች ውፍረትን ለመከላከል ብለው በእነዚህ ጣፋጮች እንዳይታመኑ መክሯል። ስኳር የሌለበት ለስላሳ መጠጥ እንኳ በውስጡ ባለው አሲድ ጥርስን ይሸረሽራል።

ከገጠር ስንቁን ተሸክሞ ለትምህርት ወደ ደብረ ታቦር የመጣ ልጅ፥ በጥቂት ገንዘቡ እንዲህ ያለውን መጠጥ ቢገዛ አፉ ይጣፍጣል፤ ሆዱ ግን እንደ ራበው ይቀራል፥ ገንዘቡም ያልቃል። በዚያው ገንዘብ ቆሎ ገዝቶ ውሃ ቢጠጣበት ግን ለትምህርቱ ብርታት ባገኘ ነበር። ስለዚህ ብልህ ልጅ ከመግዛቱ አስቀድሞ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያነባል። ጣፋጭ ቃል ሁሉ እውነት እንዳይደለ፥ ጣፋጭ ነገርም ሁሉ ምግብ አይደለምና።