መጥኖ መደቆስ ከገና በፊት ነው

አበው ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል ሲሉ ምክሩ ለወጥ ብቻ የተነገረ አይደለም፡፡ ለትዳርም፣ ለኪስም፣ ለበዓልም ይሆናል፡፡ በተለይ ገና ሲቃረብ ይህን ምክር የሚያስታውሱ ባልና ሚስት ብፁዓን ናቸው ብንል ያጋነንን አይመስለንም፡፡ በዓሉ የአንድ ቀን ነው፤ ዝግጅቱ ግን ከስድስት ሳምንት በላይ ነው፡፡ ሰው ሁሉ ስለ አንዱ ቀን ብዙ ሲያወራ ስለ ስድስቱ ሳምንት ዝም ማለቱ ስላስገረመን፣ ዛሬ በዚህ ገጽ ስለ ዝግጅቱ ጥቂት ልንል አስበናል፡፡ ምሳሌያችንንም ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ እንወስዳለን፡፡

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ መንገድ የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማበር ሲደርስ ብርዱ ጆሮውን ይቈነጥጠዋል፡፡ ጣልያን በወረራው ዘመን ያስፈለፈለውን ዋሻ አልፎ በወዲያኛው በኩል ብቅ ሲል ግን አገሩ ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ያየዋል፡፡ ከዚያ ወዲያ የመኪናው ሥራ መውረድ ብቻ ነው፡፡ ከ3,000 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ተነሥቶ፣ በደብረ ሲና ቆሎውን ገዝቶ፣ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ወደ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል፡፡ ከአዲስ አበባ ያለው ርቀት 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፡፡ ጧት በካፖርት የተነሣ መንገደኛ ምሳውን በሸሚዝ ይበላል ማለት ነው፡፡

ይህ የደጋና የቆላ ጉርብትና ለይፋት ሰው ትልቅ ሀብት ነው፡፡ በኅዳርና በታኅሣሥ ቆላው ማሽላውን፣ ጤፉንና ማሾውን ይሰበስባል፡፡ ማሾ ቀድሞ ለቤት ቀለብ ያህል የሚታይ እህል ነበር፤ በ2006 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከገባ በኋላ ግን ገበሬው ዋጋውን በስልክ የሚጠይቅለት ሆኖአል፡፡ የሮቢ ወንዝም በመስኖ ሽንኩርቱንና አትክልቱን ያበቅላል፡፡ ደጋው በበኩሉ ገብሱን፣ ባቄላውንና የመንዝን በግ ይዞ ይጠብቃል፡፡ ይህ መለዋወጥ የትናንት ነገር አይደለም፡፡ የወላስማ ሥርወ መንግሥት በ1285 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በይፋት ከተነሣ ጀምሮ፣ ከዚያም በኋላ የሸዋ ነገሥታት አንኮበር ላይ በተቀመጡበት ዘመን፣ ከባሕር በኩል የሚመጣው ነጋዴ ከደገኛው ጋር የሚገናኘው በዚሁ ቆላ ነበር፡፡ ከአንኮበር በታች የሚገኘው የአልዩ አምባ የዐርብ ገበያ በ1840ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጡትን እንግሊዞች ሳይቀር ያስደነቀ ነው፡፡

አሁን ወደ ጾሙ እንምጣ፡፡ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል፤ ገናም ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል፡፡ በዘመነ ዮሐንስ ብቻ አንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 28 ይሆናል፡፡ ይህ ከሆነ ባልና ሚስቱ ለበዓሉ የሚሆነውን ሥጋ፣ ቅቤና እንቁላል የሚገዙት በማይቀምሱበት ጊዜ ነው፡፡ ሠርግም በጾሙ ወራት ስለማይደገስ፣ የተጫጩ ወጣቶች ታኅሣሥን በዝግጅት አሳልፈው ሠርጋቸውን ለጥር ያደርሱታል፡፡ ስለዚህ ታኅሣሥ ላገቡትም ለሚያገቡትም የመቁጠሪያና የመመካከሪያ ወር ነው፡፡

እስቲ አንድ ቤት በሐሳባችን እናቋቁም፡፡ ባልየው ሸዋ ሮቢት ተመድቦ የሚሠራ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ነው እንበል፡፡ ሚስቱ መምህርት ናት፡፡ ከተጋቡ ዓመት አልሞላቸውም፤ ገናን በራሳቸው ጎጆ ሲያከብሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው፡፡ የእርሱ ወላጆች ያሉት እዚያው ቆላ ነው፤ የእርሷ ግን ደጋ መንዝ፡፡ ኅዳር እንደ ተጋመሰ ባልየው ሐሳቡን ያቀርባል፡፡

«ዘንድሮ አዲስ አበባ ወርደን ባዛሩን እንይ፡፡ ለአንቺ ቀሚስ፣ ለእኔ ኮት፣ ለቤቱም የሚያብለጨልጭ ዛፍ እንገዛለን፡፡ ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው ምን እንደሚለን ከጥር በኋላ ነው የሚታወቀው፡፡ እስቲ ደብተሩን አምጣው» ትለዋለች፡፡

እኛ ሚስቲቱ እውነት አላት እንላለን፡፡ ምክንያቱን ለመረዳት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያሻም፤ የቀን መቁጠሪያ ማየት ይበቃል፡፡ የታኅሣሥ ደመወዝ አብዛኛውን ጊዜ ኪስ የሚገባው ገና ሊውል ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፡፡ ከገና እስከ ጥምቀት ያለው 12 ቀን ብቻ ነው፡፡ ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነውና የጓደኛው፣ የባልንጀራይቱ፣ የአለቃው ልጅ ጥሪ ይደራረባል፡፡ የሚቀጥለው ደመወዝ ግን የሚገኘው በጥር መጨረሻ ነው፡፡ እንግዲህ አንዱ ደመወዝ ገናን፣ ጥምቀትን፣ ሠርጉንና የወሩን ቀለብ ሊችል ነው ማለት ነው፡፡ ይህን የማያስብ ወጣት በታኅሣሥ 29 ጌታ ሆኖ ይውልና በጥር 12 ብድር ጠያቂ ሆኖ ያድራል፡፡ መሥሪያ ቤት ውስጥ በጥር ወር «እባክህ እስከ ወሩ መጨረሻ» የሚለው ቃል ለምን እንደሚበዛ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ ይኸው ነው፡፡

መፍትሔው ወጪውን በሁለት ደመወዝ መካፈል ነው፡፡ የማይበላሸው ነገር ሁሉ ከኅዳሩ ደመወዝ ይገዛል፤ ይኸውም በርበሬው፣ ጌሾው፣ ጤፉ፣ ለወላጆች የሚሰጠው ነጠላና ጋቢ ነው፡፡ ከታኅሣሡ ደመወዝ የሚገዛው ሥጋውና ዶሮው ብቻ ይሆናል፡፡ ቅርጫ የሚገቡ ከሆነም ከጎረቤት ጋር የሚነጋገሩት ቀደም ብለው ነው፤ በሬው ታርዶ መደቡ ሲደለደል ገንዘብ የሚፈልግ ሰው የሚያፍረው በጎረቤቱ ፊት ነውና፡፡

ይህ ሁሉ ቁጠባ ደስታን የሚያስቀር የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል፡፡ ነገሩ እንዲያ አይደለም፡፡ ባዛሩ ቢቀር የይፋት እሑድ አለ፡፡ ከሸዋ ሮቢት በስተ ሰሜን የሰንበቴ ገበያ የሚቆመው በዚሁ ቀን ነው፡፡ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ነድቶ፣ ኦሮሞው እህሉንና ቅቤውን ጭኖ፣ አርጎባው ሽመናውን ተሸክሞ፣ አማራው ከደጋ ወርዶ የሚገናኝበት ቦታ ነው፡፡ የመንገዱን ደኅንነት ጠይቀው ማልደው የተነሡ ባልና ሚስት፣ በዚህ ገበያ መካከል እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲዞሩ ውለው ማታ ሲመለሱ፣ በአዲስ አበባ ባዛር መብራት ሥር ከዋሉት ያነሰ አይተዋል ብለን አናምንም፡፡

ሚስቲቱ ቅቤ ከምትሸጥ አንዲት እናት ፊት ትቀመጣለች፡፡

«እናቴ፣ ይህ ቅቤ የስንት ቀን ነው?»

«የትናንት ነው ልጄ፡፡ ቅመሺው፡፡»

«ጾመኛ ነኝ፡፡»

«እንግዲያስ አሽትተሽ እዪው፤ በጣትሽም ያዢው፡፡ ውሸት ያለበት ቅቤ በጣት አይቀልጥም፡፡»

ጾመኛ ቅቤ የሚገዛው በዐይኑ፣ በአፍንጫውና በጣቱ ነው፡፡ በበዓል ሰሞን ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ ወደ ገበያ እንደሚወጣ የታወቀ ስለሆነ፣ የበሰለች እናት ምክር ከቅናሽ ይበልጣል፡፡ ባልየውም በዚህ መካከል ሥራ አለው፡፡ ዘንቢሉን ይይዛል፤ ፍየሉን ይጎትታል፤ ዋጋውን ይጽፋል፡፡ ዘንቢል መያዝ የሚያሳፍረው የተማረ ወጣት ካለ፣ ዲፕሎማውን ለምን እንዳገኘው መልሶ ይጠይቅ፡፡

ሁለተኛው ጉዞ ወደ ደጋ ነው፡፡ ለገና ዕለት ሁለቱም ወላጆች ዘንድ መገኘት አይቻልም፤ ከዚህ ላይ ነው ብዙ ወጣት ባለ ትዳሮች የሚጣሉት፡፡ «የእኔ እናት ብቻዋን ልትውል ነው?» የሚለው ጥያቄ ከየትኛውም ወጪ ይልቅ ይከብዳል፡፡ ያሰቡበት ግን ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀድመው በአንዱ ቅዳሜ ወደ መንዝ ይወጣሉ፡፡ ከቆላው ሽንኩርትና ፓፓያ፣ ለአባት ጋቢ፣ ለእናት ነጠላ ይዘው ይሄዳሉ፡፡ እናቲቱ ሽሮዋን በምድጃ ዳር አቅርባ፣ «ለበዓሉ ባትመጡም መጥታችኋል» ብላ ትመርቃቸዋለች፡፡ በዓሉን ደግሞ ከቆላዎቹ ወላጆች ጋር ያሳልፋሉ፤ በሚመጣው ዓመት ተራው ይለወጣል፡፡ ይህን ስምምነት በኅዳር የጨረሱ ሰዎች ታኅሣሥን በሰላም ይጾማሉ፤ ያልጨረሱት ግን ጾሙን በኩርፊያ ይፈቱታል፡፡

ታኅሣሥ 19 ቀን የቁልቢ ገብርኤል በዓል ስለሆነ ስለት ያለበት ወደ ሐረርጌ ይጓዛል፡፡ አቅሙ ያልፈቀደለት ደግሞ በአቅራቢያው ካለው የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳል፡፡ መልአኩ አንድ ነውና ተበድሮ መሄድ ግዴታ አይመስለንም፡፡

በቤት ውስጥ ያለው ሥራም ሁለቱን ይጠራል፡፡ ብቅሉን ማብቀል፣ ጌሾውን መውቀጥ፣ ጠላውን መጥመቅ፣ በርበሬውን ማስፈጨት፣ ቅቤውን በኮሰረትና በኮረሪማ ማንጠር ቀን ይፈልጋል፡፡ በቆላ ሙቀት ጠላ ቶሎ ይደርሳል፤ ቶሎም ይሆመጥጣል፡፡ ስለዚህ የደጋ ልጅ የሆነች ሙሽራ በእናቷ ቤት የለመደችውን የቀን ቁጥር ይዛ ብትጠምቅ ገና ሳይደርስ ጠላዋ ያልፍባታል፡፡ የባሏን እናት ብትጠይቅ ግን ጠላውም ይጥማል፤ አማትና ምራትም ይወዳጃሉ፡፡ ዶሮዋን በ12 ብልት ማውጣትም ቢሆን ወንድ እንዳያየው የተከለከለ ምሥጢር አይደለም፡፡

ስለ ይፋት ገና ስንጽፍ እስላም ጎረቤትን ብንዘነጋ ነገሩ ጎደሎ ይሆናል፡፡ በዚህ አገር ክርስቲያኑና እስላሙ አንድ ገበያ፣ አንድ ዕድር፣ አንድ የቡና ሰዓት አላቸው፤ የሚለያዩት በቢላዋው ላይ ነው፡፡ ስለዚህ አስተዋዩ ቤት አንዷን ፍየል ወይም ዶሮ ለእስላም ጎረቤቱ ሰጥቶ በእርሱ እጅ ያሳርዳል፤ በተለየ ድስትም ያሠራል፡፡ በዒድ ቀን ደግሞ ያው ውለታ ለክርስቲያኑ ይመለሳል፡፡ ይህች አንዲት ድስት በዝግጅቱ ደብተር ላይ ቀድማ መጻፍ አለባት እንላለን፤ ከተረፈ የምትሠራ ከሆነ ክብርነቷ ይቀራልና፡፡

እንዲህ የምንለው ይህ ቆላ በቅርቡ ምን እንዳየ ስለምናውቅ ነው፡፡ በ2013 ዓ.ም. አጣየ ስትቃጠል ብዙ ቤተሰብ ንብረቱን አጥቶአል፡፡ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ደረሰ፤ ከተማዋ ከጦርነቱ እጅ ስትወጣ ለገና የቀረው አምስት ሳምንት ያህል ነበር፡፡ በእንዲያ ያለ ዓመት መጥኖ መደቆስ ማለት ከተረፈው ላይ ለጎረቤት መክፈል ማለት ነው፡፡ ዛሬ በዚያ መንገድ ለሽርሽር የሚወጡ ወጣት ባልና ሚስት ይህን አስበው አንድ መደብ ሥጋ ለተቸገረ ቤት ቢያስቀሩ በዓላቸው አይቀንስም፡፡

ስለሚያብለጨልጨው ዛፍም አንድ ቃል እንጨምር፡፡ የገና ዛፍ ልማድ ከጀርመን ተነሥቶ ዓለምን የዞረ ነው፤ ለሕፃናት ደስታ የሚያቆመውን ሰው አንነቅፍም፡፡ ነገር ግን ስለ አንድ ሳምንት ጌጥ ጽድ የሚቈርጥ ሰው፣ በደብረ ሲና አጠገብ ያለው የወፍ ዋሻ ደን ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ሲጠበቅ እንደኖረ የሚነገርለት መሆኑን ያስታውስ፡፡ ለልጆች ዱላና ሩር አበጅቶ የገና ጨዋታ ሜዳ ማውጣት ይቻላል፡፡ ጌታና ሎሌ እኩል የሚጋፉበት ይህ ጨዋታ ለወጣት ሹማምንትም ሳይጠቅም አይቀርም፤ አለቃውን በሜዳ ያሸነፈ ጸሐፊ በማግሥቱ አይቀጣምና፡፡

በሐሳባችን ያቋቋምናቸው ባልና ሚስት ደብተራቸውን ዘግተው ቢሆን፣ በውስጡ የምናገኘው ሁለት ጉዞ፣ አንድ ፍየል፣ አንድ ማድጋ ጠላ፣ አንድ የጎረቤት ድስትና ለጥር የተቀመጠ ጥቂት ገንዘብ ነው፡፡ ኮቱና ቀሚሱ ለሌላ ጊዜ ተላልፈዋል፡፡ ባልየው በዚህ ጥቂት ቅር ቢለውም በጥር 12 ቀን ማለዳ ሚስቱን ያመሰግናታል ብለን እንገምታለን፡፡

እናንተም ወጣት አንባቢዎቻችን፣ ደብተራችሁን ዛሬ ማታ አብራችሁ ክፈቱ፡፡ ገና ገና ነው፤ ድስቱም አልተጣደም፡፡